የዝግባ ሜዳ ውሾችና የምስለኔው ሙክት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን አሞጠሞጣችሁ አይደል? ተዉት። ዛሬ ላም የለችም፣ በረትም የለም። ዛሬ የምነግራችሁ የውሻ ነገር ነው። ውሻ በረት የለውም፤ ያለው ደጅ ብቻ ነው። እሱም ጌታው እስኪሰለቸው ድረስ ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ሰው ከዛሬው እጅግ ደግ ነበረ በሚባልበት ዘመን፣ ዝግባ ሜዳ የሚባል አገር ነበረ። ደግነቱን እኔ አላየሁትም፣ አባቴም አላየውም፤ ግን ይባላል። የዝግባ ሜዳ ሰው ውሻ ይወዳል። እንዴት እንደሚወድ ልንገራችሁ? ቡችላ ሲሆን ይወደዋል። ሲያድግ ይረሳዋል። ሲያረጅ ይጥለዋል። ከዚህ የበለጠ ፍቅር ከየት ይመጣል?

በዚያ አገር ለውሻ የሚወጣው ስም ለውሻው አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ሰው ጎረቤቱን ፊት ለፊት ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር የውሻው ስም ያደርገዋል። ከዚያ ማለዳ ማለዳ አጥሩ ሥር ቆሞ ይጣራል። ጎረቤት ይሰማል፣ ያራል፣ ይከስላል። ግን ምን ይላል? የተጠራው ውሻ ነው።

ወይዘሮ ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ነጭ ቡችላ አመጣችና ስሙን «ቅናት ይብላሽ» አለችው። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቷ ስሙን በቀን አሥር ጊዜ ትሰማ ነበር። ቡችላው ታቅፈውት ሲወጡ ያምራል። ዓመት ሲሞላው ግን ከእቅፍ ተረፈ። ብዙ በላ። ቀሚስ ጎተተ። «እንግዲህ ይሄ ምን ይሠራልኛል?» አለችና ወንዝ አሻግራ ትታው መጣች። ለጠየቃት ሁሉ «ጠፋብኝ፤ ጅብ በላው መሰለኝ» እያለች አለቀሰች። ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች፤ አንድም ቀን ግን አልፈለገችውም።

መሪጌታ ልሳኑ የሚባሉ የተማሩ ሰው ነበሩ። የሳቸው ውሻ ጥቁር ነው፤ ስሙም «ልብ ይስጥህ»። ከአጥራቸው ማዶ በቅኔ የማይስማማቸው ደብተራ ይኖር ነበረና። ይሄ ውሻ ሌሊት ይጮኻል። ውሻ ሌሊት ካልጮኸ መቼ ሊጮህ ነው? መሪጌታ ግን «ጸሎቴን አስታጎለኝ» አሉ። ከገበያ መልስ ጫካ ውስጥ ጥለውት ተመለሱ። በማግሥቱ እሑድ ነበር። «ለፍጥረት ሁሉ ርኅሩኆች ሁኑ» ብለው አስተማሩ፤ ያን ቀን ያላለቀሰ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው የመንደሩ ጭቃ ሹም ነው፤ ጭቃ ሹም ጓንጉል። የሱ ውሻ ቡላ ነው። ስሙን ከሹም ደጅ የሚጠበቀውን ነው ያወጣለት፤ «ማን ይችለኛል»። አንድ ጊዜ ጅብ የጓንጉልን በጎች ሊበላ መጣ። ውሻው ብቻውን ተናነቀው። ጅቡ ባዶ አፉን ሄደ፤ የውሻው የኋላ እግር ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጓንጉል ጠዋት ተነሥቶ በጎቹን አየ፤ አንድም አልጎደለም። ውሻውን አየ፤ ያነክሳል። «የሚያነክስ ውሻ ለሹም ደጅ አይመጥንም» አለና በዱላ አባረረው። ውለታ እንዲህ ነው የሚከፈለው፤ ልብ በሉ፣ ከሹም ተማሩ።

እነዚህ ሦስቱ ናቸው የነገርኳችሁ። ሌላውን ሰው ያልነገርኳችሁ ሌላው ስላልጣለ አይደለም፤ እስከ ነገ ስለማልጨርስ ነው። ጫካው በውሻ ተሞላ።

ከጫካው አፍ ላይ ደግሞ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። እትዬ አጀቡሽ ይሏታል። ጥጥ እየፈተለች ትተዳደራለች። ያላት አንዲት ጎጆና ባሏ ትቶላት የሄደው አንድ ጥማድ የማትሞላ መሬት ናት። ጠላ የጠመቀ ካለ አተላውን ትለምናለች፤ ከተረፈ ንፍሮ ጋር ትለውስና ለውሾቹ ታቀርባለች። ስም አላወጣችላቸውም፤ ወደ ጎረቤት የምትልከው ነገር አልነበራትም። ሁሉንም «ና» ነው የምትላቸው፤ ሁሉም ይመጣሉ።

የዝግባ ሜዳ ሰው ስለዚህ ደግነቷ አመሰገናት? እንዴታ! ማታ ያረጀ ውሻውን አምጥቶ ደጇ ላይ ይጥላል፤ ጠዋት ደግሞ «ይቺ ሴትዮ አገሩን ውሻ በውሻ አደረገችው» ብሎ ያማታል።

እንዲህ እንዲህ ሲል ዓቢይ ጾም ገባ። የአገሩ ገዢ ምስለኔ አግደው ይባላል። ከተሾመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ከመሾሙ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር አይወራም፤ እሱም አያወራም። ይሄ ምስለኔ ለፋሲካ የሚታረድ ሙክት ያደልብ ነበር። ሰው በጾሙ ይከሳል፤ ሙክቱ ይወፍራል። ባቄላ ክክ ይበላል፣ ጨው ይልሳል፣ ከጥላ ወደ ጥላ ይዘዋወራል። ጌታዋን ያመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች ይባል የለ? ሙክቱም ምስለኔውን አምኖ ደጅ አደረ። ጠዋት ሲታይ ቀንዱና ቆዳው ብቻ ቀርቷል።

«የጫካ ውሾች ናቸው፤ ከፊት የሚመራቸው ጆሮው የተቆረጠ ቀይ ውሻ ነው» አለ ጠባቂው።

ምስለኔው አለቀሰ። አባቱ ሲሞት ያላለቀሰው ለሙክቱ አለቀሰ ይላሉ፤ እኔ አልነበርኩም። ከዚያ እንባውን ጠረገና «አውጫጭኝ ይጠራ!» አለ።

አውጫጭኝ ምን እንደሆነ የማታውቁ አላችሁ። ጥፋት ጠፍቶ አጥፊው ሲሰወር፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል። አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም። ያየ የሰማ ሰው ለአንድ ሽማግሌ በጆሮው ይነግረዋል። ሽማግሌው ደግሞ ተነሥቶ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ማን እንደነገረው አይጠየቅም፤ ወፍ ናትና። የወፍ ነገር መቼም ጥሩ ነው፤ ተበቃይ ጎረቤት የላትም።

የመጀመሪያው ቀን መጣ። ሴቱም ወንዱም እሾህ አጥር ውስጥ ገባ። ምስለኔው ከፍ ካለ መደብ ላይ ተቀመጠ።

«እነዚህ ውሾች የማን ናቸው?» አለ።

ወይዘሮ ይርገዱ ተነሣች። «የኔ አይደሉም፣ ጌታዬ። እኔ ውሻ ሳይ ያስነጥሰኛል።»

መሪጌታ ልሳኑ ተነሡ። «የኔ አይደሉም። እኔ ከመጽሐፌ በቀር ምንም የለኝ።»

ጭቃ ሹም ጓንጉል ተነሣ። «የኔ አይደሉም። የአንዱም ጌታ ከሆንኩ ሹመቴን ይንሣኝ!»

ከሱ በኋላ አገሩ ሁሉ ተነሣ፤ አገሩ ሁሉ ማለ። በዚያ ቀን በዝግባ ሜዳ ውሻ ኖሮት የሚያውቅ አንድም ሰው አልተገኘም። ውሾቹ እንግዲህ ከዝግባው ላይ የበቀሉ መሆን አለባቸው። ወፏም አልተናገረችም። ፀሐይ ገባች፣ ሰው ጦሙን አደረ።

ሁለተኛው ቀን መጣ። የሰው ሆድ መጮህ ጀመረ። ሆድ ሲጮህ ወፍ ትነቃለች። ሽማግሌውን ከወዲያ አንዱ፣ ከወዲህ ሌላው ጆሮውን ሲስበው ዋለ። ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወፍ ነገረችኝ» አለ። «ውሾቹ የአጀቡሽ ናቸው።»

አንዲት ወፍ ብትሆን ደግ ነበር። አርባ ወፍ ናት፤ አርባውም በአንድ ዜማ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው ልጆቼ።

አጀቡሽ «እኔ አላሳደግኋቸውም። እኔ አልጣልኳቸውም። ያደረግሁት ማብላት ብቻ ነው» አለች።

ጓንጉል ይቺን ቃል ሲጠብቅ ነበርና ብድግ አለ። «ሰማችሁ? አበላሁ አለች! ያበላ ጌታ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ይሄ የአባቶቻችን ቃል ነው። ውሻ ጌታ ከሌለው ሙክት አይደፍርም፤ ይቺ ሴት ናት ያስደፈረችው።»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይርገዱ አስነጠሰች፤ መሐላዋን መጠበቋ ነው።

«ቅጣቱስ?» አለ ምስለኔው።

«የውሾቹ ጌታ መሬቱን ይነቀል፣ አገር ለቆ ይሂድ» አለ ጓንጉል። መሬቷ ከመሬቱ ጋር ድንበርተኛ መሆኗን ያን ጊዜ አላነሣውም፤ በፍርድ መሐል የግል ጉዳይ ማንሣት ነውር ነው ብሎ ይሆናል። «ውሾቹም በዱላ ይገደሉ።»

ምስለኔው «ይሁን። ጸንቷል። የውሾቹ ጌታ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መሬቱን ይነቀል፣ አገር ይልቀቅ። ውሾቹም ይገደሉ» አለ።

አጀቡሽ ጎጆዋ ወዳለበት ወደ ጫካው አየች። ባሏ የተቀበረው እዚያ አገር ነው። ከዚያ ወዲያ የምታውቀው ሰው፣ የሚያውቃት አገር የላትም። ውሾቹን አሰበች፤ «ና» ሲሏቸው የመጡበት ጥፋት ለሞት ሊያበቃቸው ነው። ልቧ አረረ። ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ቀስ ብላ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ፍርዱን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል» አለች።

«በይ።»

«ስለ ውሾቹ ጌታ ሽማግሌ ተጠየቀ። ሹም ተጠየቀ። ወፍ እንኳ ተጠየቀች። ውሾቹን ግን የጠየቀ የለም።»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልበላ ሰው ለመሳቅ ጉልበት ከየት እንዳመጣ እንጃ። ጓንጉል ከሁሉ በላይ ሳቀ።

«ውሻ ምን ብሎ ሊመልስልሽ ነው?» አላት።

«እኔ እንጃ። ነገ ይምጡና ይታይ። የኔ ከሆኑ ወደኔ ይመጣሉ። ያኔ እንኳን መሬቴን ነፍሴንም ውሰዱ።»

ጓንጉል በሆዱ አሰበ። እያበላቻቸው ወደ ማን ሊሄዱ ነው? ምራቁን ዋጠ። «ይምጡ፣ ጌታዬ! ይምጡ! እኔው ዋስ ነኝ» አለ።

አጀቡሽ ሦስት ነገር ለመነች። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ በየቤተሰቡ ተለይቶ በረድፍ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ዱላም ድንጋይም በማንም እጅ አይገኝ። ሦስተኛ፣ እሷ ከሁሉ ኋላ ትቀመጥ፤ እጇም በነጠላዋ ይጠቅለል፣ ጠቅሳ ጠራቻቸው እንዳይባል። ጓንጉል በሦስቱም ደስ አለው። እጇን ራሱ ጠቀለለላት፤ ቋጠሮውንም ሦስት ጊዜ አጠበቀው።

ሦስተኛው ቀን መጣ። የእሾሁ በር ተከፈተ።

ውሾቹ ሁለት ቀን የሚያበላቸው አጥተው ነበር። መንደሩ ባዶ ነው። የሰው ሽታ ያለው ሜዳው ላይ ብቻ ነው። ከጫካው ወጡ፤ በአንድ፣ በሁለት፣ በአምስት። የአጥሩን በር አለፉ። 

ከፊት የመጣው ነጩ ነው። ረድፉን ሁሉ አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ አጀቡሽ ሄደ።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል። «ያውላችሁ!»

አጀቡሽ ዓይኗን ጨፈነች። አለቀልኝ አለች። ነጩ ውሻ የተጠቀለለ እጇን አሸተተ። አንድ ጊዜ ላሰው። ከዚያ ዘወር አለ። ሰላምታ ሰጥቶ እንደሚያልፍ ሰው ትቷት ሄደ። በረድፉ መሐል እያሸተተ፣ እያሸተተ፣ ወይዘሮ ይርገዱ እግር ሥር ሲደርስ በጀርባው ተንጋለለ። ያ ያኔ ቡችላ ሳለ የለመደው ነው፤ እቅፍ ይፈልጋል።

«ሂድ ወዲያ! አላውቅህም!» አለች ይርገዱ።

ድምጿን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። የናፈቀው ይሄን ድምፅ ነበርና ቃሉን ምን ጉዳዩ ብሎ ይሰማል? ቀሚሷን በጥርሱ ያዘና ጎተተው።

ቀጥሎ ጥቁሩ መጣ። መሪጌታ ሲያዩት ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ጸሎት ጀመሩ። ጸሎት ሲጀምሩ ውሻው እፊታቸው ቁጭ አለና እንደ ልማዱ አብሯቸው ይጮህ ጀመር። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ እሱም ከፍ አደረገ። ዝም አሉ፤ እሱም ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ምን ማለት ይቻላል? መሪጌታ መሬት መሬት አዩ።

ከዚያ ሜዳው ተበጠበጠ። ውሻ በየረድፉ ይገባል፣ ጌታውን ያገኛል፣ ያለቅሳል፣ ይልሳል። ሰው ሁሉ «ኧረ ወዲያ! የማን ነው ይሄ?» ይላል። ጭራ ሁሉ ይወዛወዛል። ያን ያህል ደስታና ያን ያህል ክህደት በአንድ ሜዳ ታይቶ አያውቅም።

በስተመጨረሻ ቡላው መጣ። እያነከሰ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቀድሞታል። ጓንጉል ከሩቅ አየውና ጋቢውን ራሱ ላይ ተከናነበ። ውሻው መጣ፣ መጣ፣ አጠገቡ ደረሰ። አፍንጫውን በጋቢው ሥር አስገባና ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገ። በዱላ ያባረረው ሰው ጉልበት ላይ ነው ልጆቼ። ውሻ ጅል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ይሄን ስሰማ ምን እንደምል ጠፍቶኛል።

«ጨው ሸትቼው ነው!» አለ ጓንጉል ከጋቢው ውስጥ። «ስሙን እንኳ አላውቀውም!»

«ስሙ ‹ማን ይችለኛል› ነው!» ብላ ጮኸች ይርገዱ። የሷ ውሻ ቀሚሷን እየጎተተ እሷ ብቻዋን ማፈሯ አናዷታል። «ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት እየጠራኸው ከእንቅልፌ ስትቀሰቅሰኝ አልኖርክም?»

«አንቺስ?» አለች የይርገዱ ጎረቤት። «‹ቅናት ይብላሽ› የማን ውሻ ነው? አሁን ማንን በላ?»

«መሪጌታስ?» አለ ደብተራው ከኋላ ተነሥቶ። «‹ልብ ይስጥህ› እያሉ ሲጠሩት አልሰማሁም? ለኔ እኮ ነው ያወጡት!»

ከዚያ ወፏ አበደች። በሁለት ቀን አንድ እውነት ያልወጣው አገር በአንድ አፍታ ሁሉን ዘረገፈ። ይሄ ያንን ይጠቁማል፣ ያ ይሄን። ሽማግሌው በማን ጆሮ እንደሚሰማ ጨነቀው።

ምስለኔው ከመደቡ ላይ ተነሣ። ደስ ብሎታል። ሹምን ሰው ሁሉ ሲያጠፋ እንደማየት የሚያስደስተው ነገር የለም።

«ዝም በሉ!» አለ። «ሁላችሁም ውሸታም ናችሁ! ፍርዱ ጸንቷል ብያለሁ። የውሾቹ ጌታ፣ ማንም ይሁን ማን…»

ንግግሩን አልጨረሰም። አንድ ውሻ ገና እየመጣ ነበር። ቀይ ነው። አንድ ጆሮው ተቆርጧል።

«ያ ነው! ሙክቱን የበላው እሱ ነው!» አለ ጠባቂው።

ቀዩ ውሻ ወደ አጀቡሽ አልሄደም። ወደ ሰዉም አልሄደም። ረድፉን ለሁለት ሰንጥቆ መደቡ ድረስ ወጣ። ምስለኔው እግር ሥር ደረሰ፤ ተኛ፤ አገጩን ጫማው ላይ አሳረፈ። ጭራው መሬቱን መታ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስት ጊዜ።



ጓንጉል ጋቢውን ገልጦ ወጣ። በዚህች ሰዓት እንኳ ሹም ሹም ነው። «አያችሁ፣ አያችሁ!» አለ። «ለሹም መስገዱ እኮ ነው! ውሻው ጨዋ ነው፤ ሥርዓት ያውቃል!»

አጀቡሽ ከኋላ ተነሣች። እጇ እንደተጠቀለለ ነው። «ጌታዬ፣ ጨዋስ ይሁን። ስሙን ግን ይጥሩት» አለች።

ምስለኔው ዓይኑን ከውሻው አሸሸ።  አሁን እኔ የሰማሁትን ልንገራችሁ። ይሄ ሰው ሳይሾም የአንድ መኮንን በረኛ ነበረ። ብርድ ላይ ይቆማል፤ ጦሙን ያድራል። ያን ጊዜ የነበረው ጓደኛ ይሄ ውሻ ብቻ ነው። አንድ ቁራሽ እንጀራ ለሁለት ይካፈላሉ፣ አንድ ቡትቶ ለሁለት ይለብሳሉ። ኋላ ሹመት መጣ፣ በቅሎ መጣ፣ ጃንጥላ መጣ። ጆሮ ቆራጣ ውሻ ከጃንጥላ ጋር አይሄድም። ወደ ዝግባ ሜዳ ሲመጣ መንገድ ላይ ትቶት ሄደ። ውሻው ዱካውን እየተከተለ ጫካው ድረስ መጥቶ ነበር። ወደ ምስለኔው ግቢ ሊገባ ሲል አሽከሮቹ በድንጋይ ስላባረሩት ነው ከጫካ ውሾች ጋር የዋለው።

ውሻው ቀና ብሎ አየው።

«አይዞን» አለ ምስለኔው። ስሙ ይሄ ነበር። ያ ስም ለጎረቤት አልነበረም፤ ለሁለቱ ነበር። «አይዞን… አንተ ነህ?»

ውሻው እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምስለኔው ከመደቡ ወርዶ አፈር ላይ ተቀመጠና አቀፈው። ካባው ተበላሸ። ማንም አልሳቀም።

ብዙ ቆይቶ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠራረገ። ሽማግሌ መሆን ከባድ ነው፤ ሌላው ዝም ሲል ይናገራል። «ጌታዬ፣ ወፍ አልነገረችኝም፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። የእርስዎን ሙክት የእርስዎ ውሻ ነው የበላው። ከሳሹም ተከሳሹም አንድ ደጅ ሆኑ። ፍርዱ ደግሞ ጸንቷል ብለዋል፤ ማንም ይሁን ማን።»

ሰው ሁሉ ፍርዱን ያን ጊዜ አስታወሰ። መሬት ይነቀላል፣ አገር ይለቀቃል። ፍርዱ ከተፈጸመ ይርገዱ ትሄዳለች፣ መሪጌታ ይሄዳሉ፣ ጓንጉል ይሄዳል፣ ምስለኔው ይሄዳል፣ አገሩ ሁሉ ይሄዳል። ዝግባ ሜዳ ላይ የምትቀረው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ግብሩን ማን ይከፍላል? ምስለኔው ይህን ሲያስብ ወደ አጀቡሽ ዞረ።

«እጇን ፍቱላት» አለ። «እትዬ አጀቡሽ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ያልዋሸሽው አንቺ ነሽ። ፍርዱን አንቺ ስጪ።»

ቋጠሮውን የፈታው ጓንጉል ነው። ሦስት ጊዜ ስላጠበቀው በጥርሱ ሊፈታው ግድ ሆነበት።

አጀቡሽ አሰበች። ልትበቀል ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን እበቀል ነበር። «እንግዲህ እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም» አለች። «ዛሬ ሁሉም የራሱን ይዞ ይግባ። ሁለት ቀን ያልበላችሁ ናችሁ፤ እነሱም እንዲሁ። መጀመሪያ እነሱ ይብሉ፣ ቀጥሎ እናንተ። ውሻው የሰው ንብረት ቢበላ የበላው ጌታው ነው፤ ‹የኔ አይደለም› የሚል ቃል አይሰማ።»

«ይሁን» አለ ምስለኔው።

«ጌታው ያልታወቀ ውሻ የተገኘ እንደሆነ በሦስት ገበያ ይለፈፍ። ጌታው ከመጣ ይውሰድ። ካልመጣ የሚያበላው ሰው ጌታው ይሁን፤ ማንም አይቀማው። አውቆ የጣለ ሰው ግን ጓንጉል የፈረደው ፍርድ ይፈረድበት። ፍርዱ ጥሩ ነው፤ የጎደለው ተገቢው ሰው ብቻ ነበር።»

«ይሁን። ለፋፊውስ ማን ይሁን?»

አጀቡሽ ጓንጉልን አየችው። እሱ ወዲያ አየ።

«ጭቃ ሹም ጓንጉል ድምፁ ጥሩ ነው» አለች። «ስንት ዓመት ጠዋት ጠዋት ሰምተነዋል። ሹመቱን ራሱ ‹ይንሣኝ› ብሎ ስለማለ፣ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ እሱ ይለፍፍ። ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስም ቀለቡን እሱ ይስጥ።»

በዚያ ቀን የዝግባ ሜዳ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ብታዩት! ይርገዱ ያን የሚያህል ውሻ በመቀነቷ አስራ እየተጎተተች ሄደች። መሪጌታ ከውሻቸው ጋር ጎን ለጎን ሄዱ፤ ውሻው ዝም ያለው እሳቸው ዝም ስላሉ ነው። የጓንጉል ውሻ ሁለት ቀን የተራበ አንካሳ ስለሆነ መራመድ አቃተው። ጓንጉል ተሸከመው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ ሽቅብ ተሸከመው። ውሻው መንገዱን ሙሉ ጆሮውን ይልሰው ነበር።

ምስለኔው በቅሎው ላይ አልወጣም፤ ከአይዞን ጋር በእግሩ ገባ። የአጀቡሽን መሬት ከግብር ነፃ አደረገላት። ከዚያ በኋላም ማንም ድንበሯን አልገፋባትም።

ታዲያ የዝግባ ሜዳ ሰው ደግ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ደግ አልሆነም፤ ፈራ። ለውሻው ግን ምን ልዩነት አለው? የጠገበ ውሻ ጌታው ፈርቶ ይሁን ወዶ ብሎ አይጠይቅም። ቡችላ የሚያመጣ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ማሰብ ለመደ። «ሲያድግስ?» ይላል። «ሲያረጅስ?» ይላል። ካልቻለ ሳያመጣ ይቀራል፤ ይሄም ትልቅ ደግነት ነው።

ጓንጉል በየገበያው ድንጋይ ላይ ቆሞ ይለፍፋል፤ «ግራጫ ውሻ! አንገቱ ላይ ገመድ ያለው! ጌታው ና ውሰድ!» እያለ። አንድ የገበያ ቀን አጀቡሽ ድርና ማግ ልትሸጥ ስታልፍ ጠራት። ብዙ ጊዜ ሲከነክነው የኖረ ነገር ነበረ።

«እትዬ አጀቡሽ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። የምታበያቸው አንቺ ነበርሽ። እንዴት ብለሽ ነው ‹ወደኔ አይመጡም› ብለሽ መሬትሽን ያስያዝሽው?»

አጀቡሽ ድሩን ከትከሻዋ አወረደች።

«እኔ ሳበላቸው ይበላሉ። በልተው ሲጨርሱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ወደ መንደሩ ዞሮ የየጌታውን ጎጆ ጭስ ያያል። እስኪመሽ ያያል። ያንተው ቡላማ አንድ ቀን እንኳ አላጎደለም። አንተ ጣልከው እንጂ እሱ አልጣለህም፤ እኔ አበላሁት እንጂ የኔ ሆኖ አያውቅም።»

ጓንጉል ከቆመበት ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለና አጠገቡ የተኛውን ቡላውን በእጁ ዳበሰው፤ የዚያን ቀን ገበያው እስኪፈታ አንድም አልለፈፈም። ስለዚህ ነው በዚያ አገር ሰው የገዛ ነገሩን ሲክድ ያየ ሽማግሌ ሁሉ፦

«አፍ ይክዳል፤ ጭራ ይመሰክራል» የሚለው።

ተረቴን እዚህ ላይ ጨረስሁ፤ ለአፌ ማበሻ ዳቦ ካመጣችሁ ግማሹን ለደጁ ቁረሱ።